ቅዳሜ ብቻ የሚታከመው ፈረስ

የሰው ወሬ አታዳምጡ እያልኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ዛሬ ጠዋት ግን ከኦሮራ ወደ ካፒቶል ሂል በሚሄደው አውቶቡስ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ያወሩ ነበር፤ አንዱ የፈረስ ጋጣ ውስጥ የሚሠራ ወጣት፣ ሌላዋ ሽማግሌ የምትንከባከብ ሴትዮ።

«እትዬ፣ ፈረሱ ቆሞ ሲያዩት ደህና ነው። ሲሮጥ ግን ያፏጫል።»

«አስም ነዋ! እኔ የምጠብቃቸው ሽማግሌም ደረጃ ሲወጡ እንደዚያ ናቸው።»

«ቅዳሜ ገዢ ይመጣል። አለቃዬ ‹ሰውየው ከመድረሱ በፊት የሚሳበውን የአስም መድኃኒት፣ ኢንሄለሩን፣ አፍንጫው ላይ በሚገጠመው ማስክ ስጠውና ትንሽ አስሩጠው› አለኝ።»

«ማስሮጡ ደግሞ ለምን?»

«መድኃኒቱ የአየር ቧንቧውን ይከፍትለታል፤ ሩጫው አክታውን ያወጣለታል። ከዚያ ቢጋልቡትም ፉጨቱ አይሰማም።»

«እስከ መቼ?»

«ለጥቂት ሰዓት።»

«ታዲያ ገዢው ቤት ሲደርስ ያፏጫላ!»

«ምናልባት አለቃዬ ለፈረሱ አዝኖ ይሆናል።»

«ዛሬስ መድኃኒቱን ሰጠኸው?»

«ከቅዳሜ በፊት እንዳትሰጠው ብሎኛል።»

«ይሄ ነው ያዘነው?»

«እና ሥራዬን ልጣ እንዴ፣ እትዬ?»

«ለመሆኑ ገዢው ማነው?»

«አንድ አባት ነው። ለልጁ ሊገዛላት።»

«ኧረ በስመ አብ!»

«ማስኩን የጋጣው በር ላይ ሰቅዬ ብረሳውስ? ሰውየው ራሱ ያየዋል።»

«አለቃህ ቀድሞ ያነሳዋል። አፍ የለህም?»

«እሺ፣ እናገራለሁ።»

«ለማን? ለአለቃህ ወይስ ለአባትየው?»

የምወርድበት ፌርማታ ደርሶ በሩ ተከፈተ፤ እኔ ግን ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም።