መርዶ ከመነገሩ በፊት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ዓባይ ማዶ ስሻገር የዕድራችንን ዳኛ መሪጌታ ፍሬ ስብሐትን ድልድዩ አፍ ላይ አገኘኋቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ደነገጥሁ።

«ማን ሞተብን የኔታ?» አልሁ።

«ቢያዝን፣ የሸጊቱ ልጅ። የተሳፈረበት ጀልባ ዘጌ ሳይደርስ ሰጠመ። ሽማግሌ እየሰበሰብሁ ነው፤ ነገ ጎሕ ሲቀድ እናረዳታለን።»

ወይዘሮ ሸጊቱ ከዚህ ልጅ በቀር ሰው የላቸውም፤ ልባቸውም ታማሚ ነው። ይህን ጊዜ ርሆቦት እየተጣደፈች መጣች። የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ ዛሬ በኢንተርኔት ለሚወጣ ጋዜጣ ትሠራለች። ስሟ ሲነሣ ደረቴን መንፋቴ አይቀርም፤ ምን ላድርግ።

«የኔታ፣ የቢያዝንን ነገር ማን ነገረዎት?» ብላ እጅ ነሥታ ጠየቀች።

መሪጌታ ስልካቸውን አወጡ። «ይኸው የሰጠመው ጀልባ ፎቶ። ሺህ ሰው ተቀባብሎታል። ሺህ ሰው ይዋሻል?»

«ሺህ ሰው አላየም፤ አንዱ ያለውን ሺህ ሰው ደገመው እንጂ። እኔም ስሰማ ደንግጬ ሳጣራ ነው የዋልሁት። ፎቶውን በስልኬ ፈለግሁት፤ ከዓመታት በፊት በሌላ አገር ሐይቅ የተነሣ ነው። የቢያዝንን ስም ከሥሩ የጻፈው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ዛሬ እኮ ያልሆነን ነገር ሥዕል፣ ያልተናገረን ሰው ድምፅ ሳይቀር ማሽን ይሠራዋል።»

«ይህን ጉድ ያመጣችሁብን እናንተው ናችሁ። እኔ ቀደምሁ፣ እኔ ቀደምሁ እያላችሁ። አንቺንስ ለምን ልመንሽ?»

ርሆቦት አልተቆጣችም። «እውነትዎን ነው፤ በጥድፊያ ብዙ ሰው አስለቅሰናል። እኔን አይመኑኝ። ግን እርስዎ መርዶ ሲመጣልዎ አስቀድመው ምን ይጠይቃሉ?»

«ማን አየ፣ ማን ቀበረ እንላለን። በወሬ ብቻ መርዶ አይነገርም» አሉና የገዛ ቃላቸው ያዛቸው።

«የእኛም ሥራ ይኸው ነው የኔታ። ያየውን ሰው እጠይቃለሁ፤ ከማን እንደሰማሁ እጽፋለሁ፤ ከተሳሳትሁም በዚያው ገጽ አርማለሁ። የዘጌውን ጀልባ ጠባቂ፣ ‹ቢያዝንን ፈልግልኝ› ብየዋለሁ፤ እስኪደውል ይታገሡኝ።»

መሪጌታ አጉረመረሙ፤ ግን ንቅንቅ አላሉም። ጥቂት እንደቆየን ስልኳ ጮኸ፤ የጀልባ ጠባቂው ቁጥር ነበር፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ቢያዝን ነኝ» አለ ድምፁ። «ስልኬ ውኃ ገብቶበት ነው እንጂ እኔስ ደኅና ነኝ።»

የእኔ እንባ መጣ። መሪጌታ ግን ስልኩን ተቀብለው፣ «ቆይ፤ ድምፅም ይሠራል ብላለች። ሐሙስ ዕለት ከቤቴ ምን ወሰድህ?» አሉ።

«መዶሻዎን የኔታ። እመልሳለሁ ብዬ ረሳሁት።»

«እሱው ነው» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይባል የለ? አባቶቻችን መርዶን ሳያጣሩ ከሰው ደጅ አያደርሱም ነበር። ስልክ ይህን ሥርዓት አልሻረውም፤ እንዲያውም ማጣሪያውን እጃችን ላይ አስቀመጠልን። ከማስተላለፉ በፊት የሚጠይቅ ሰው ጎረቤቱን ከድንጋጤ፣ ከተማውን ከጠብ ያድናል፤ ምንጩን የሚናገር ጋዜጠኛም ይታመናል። በልጅቱም በሽማግሌውም ኮራሁ።

ይህን ሳስብ ወይዘሮ ሸጊቱ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ከገበያ ሲመለሱ አዩን። «የኔታ፣ ነጠላዎ ምነው? ማን ሞተ?»

መሪጌታ ነጠላቸውን አቃንተው ለበሱ።

«አንድ ወሬ ነበር ሸጊቱ፤ ርሆቦት ቀበረችው። ይልቅ ቢያዝን ማታ ሲመጣ መዶሻዬን እንዲመልስ ንገሪልኝ።»