የአባቴ መቋሚያ

ከፒያሳ ወደ ማራኪ በሚሄደው ታክሲ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች አይተዋወቁም። አንደኛው በጉልበቶቹ መሐል አጭር መቋሚያ ይዟል።

«ወንድሜ፣ ይህን መቋሚያ ማን ሠራው?»

«እኔው ነኝ። ወይራ ነው።»

«ሸጋ ነው! አናጢ ነህ?»

«ኧረ አስተማሪ ነኝ። እንጨት የምሠራው ቅዳሜና እሁድ ነው።»

«እኔም እንደዚያው። ሆስፒታል ነው የምሠራ። እስቲ ስልኬ ላይ ያለችውን በርጩማ እያት።»

«ታምራለች። አትነቃነቅም?»

«አንድ እግሯ ትንሽ... አትንገርብኝ።»

«የኔም የመጀመሪያ በርጩማ እንደዚያው ነበር።»

«ይህ ግን አጠረ። ለልጅ ነው?»

«ለአባቴ ነበር። መጀመሪያ ስሠራው ብብቱ ድረስ ይደርስ ነበር። እየጎበጠ ሲሄድ ‹ረዘመብኝ› አለኝ፤ ከታች ቆረጥኩለት። በዓመቱ ደግሞ ‹ረዘመብኝ› አለ። ሦስት ጊዜ ቆረጥኩት።»

«አሁንስ?»

«አርባውን ካወጣን ሳምንታችን ነው።»

«ነፍስ ይማር።»

«ዛሬ ለቤተ ክርስቲያን ልሰጠው ወስጄ ነበር። ቄሱ አዩትና ‹ልጄ፣ በዚህ ቁመት የሚቆም ሰው የለንም› ብለው መለሱልኝ።»

«ቁራጮቹን ጣልካቸው?»

«አልጣልኩም። ሦስቱም ቤት አሉ።»

«እንግዲያማ ቀላል ነው! መሰርሰሪያ አለኝ። የጫፎቹን መሐል በስተን፣ የእንጨት ችንካር በሙጫ እናስገባበታለን። እንደ ድሮው ይረዝማል።»

«መቀጠሉስ አያቅተኝም።»

«ታዲያ ምነው?»

«ለመጨረሻ ጊዜ የቆረጥኩለት ቀን ተደገፈና፣ ‹አሁን ገና ልክ ሆነልኝ› አለኝ።»

እኔም ሳላስበው ወገቤን ቀና አድርጌ ተቀመጥኩ።