ሳይለካ የተፈረመለት መንገድ

ሊቀመንበሩ ከጤና ጣቢያ የደም ግፊት ክኒናቸውን ተቀብለው ሲመለሱ፣ ደጃፋቸው ላይ አንዲት ወጣት ሴት ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ተክላ አገኟት። መቆሚያው አናት ላይ ስፖንጅ የለበሰ ትንሽ መሣሪያ ተሰክቷል። ሽማግሌው የሰፈሩን ኮሚቴ ከረጅም ዘመን ጀምሮ ስለሚመሩ ሰዉ ስማቸውን ትቶ «ሊቀመንበር» ነው የሚላቸው።

«ደግሞ ምን ልታፈርሱ ነው?» አሉ፣ እንደምን ዋልሽ እንኳ ሳይሉ። ድምፃቸው ጮክ ያለ ነበር፤ ተቆጥተው ግን አይደለም። ባለ አራት መስመሩ መንገድ በበራቸው ካለፈ ወዲህ ሳይጮኹ መነጋገር ቀርቷል።

«የሚፈርስ የለም አባባ። የመንገዱን ድምፅ ነው የምለካው፤ ከጤና ቢሮ ነኝ።»

«ድምፅ በምን ይለካል? በክንድ ነው በጣሳ?»

ልጅቱ ሳቀች። ሊቀመንበሩም ቀልዳቸው ስለተወደደላቸው ደስ አላቸውና «በይ ግቢ፤ እዚህ ቆመን ጉሮሯችንን ከምንጨርስ» ብለው ወደ ሳሎን አስገቧት። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ቢሆንም የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንቀጫቀጫሉ።

«እኔን ታዪኛለሽ?» አሉ ተደላድለው ተቀምጠው። «ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ሠርቻለሁ። ማሽኑ ሲንኳኳ ይውላል። ታዲያ ምን ሆንኩ?»

ልጅቱ በግራቸው በኩል ሆና አንድ ነገር አለች።

«ምን አልሽ?»

«ግራ ጆሮዎ አይሰማም ነው ያልኩት።»

«እሱ የዕድሜ ነው።»

«የያዙት ክኒንስ?»

«እሱም የዕድሜ ነው» አሉ፣ ፌስታሉን ወደ ጎን እየገፉ።

ሊቀመንበሩ ሞኝ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን ሰው አብሮት የኖረውን ሕመም እንደ ቤቱ ዕቃ ይቆጥረዋል፤ ማን እንዳመጣው አይጠይቅም።

«አባባ፣ ጆሮ እንደሚለምድ እኔም አልክድም» አለች ልጅቱ በትሕትና። «ልብ ግን አይለምድም። ተኝተው ሳለ መኪና ሲያጓራ ሰውነትዎ አደጋ የመጣ ይመስለዋል። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይጠብባል። እርስዎ አይነቁም፤ ጠዋትም ደህና አደርኩ ይላሉ። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ግን የደም ግፊትና የልብ በሽታ የሚይዘው ሰው ይበዛል። ልጆችም አስተማሪያቸው የሚለውን ግማሹን ብቻ እየሰሙ ንባብ ይዘገይባቸዋል።»

«ታዲያ መንገድ አይሠራ ነው የምትዪው? ዱሮ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ነበር የምናወጣት! መንገዱ ሲመጣ እልል ብለን ነው የተቀበልነው።»

«መንገድማ ይሠራ፤ እኔም የመጣሁት በእሱ ነው። ብቻ አስቀድሞ ይገመገም። ዛሬ ያለው ድምፅ ይለካ፤ ነገ የሚኖረው ይሰላ። በዳርቻው ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ሕመምተኛው የት እንዳለ፣ ትምህርት ቤቱ የት እንደሆነ ይቆጠር። ያኔ መንገዱን ትንሽ ማዞር ይቻላል፤ ድምፅ የሚከልል ግንብ ማቆም ይቻላል። አንዴ ከተሠራ በኋላ ግን ማን ያዞረዋል?»

«ያ ሁሉ እስኪሆን እኮ ሥራው ይጓተታል!»

«ግምገማው ሁለት ወር ቢፈጅ ነው። መንገዱ ስንት ዓመት ፈጀ?»

ሊቀመንበሩ በጣታቸው ቆጠሩ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶ ነበር።

ልጅቱ ከቦርሳዋ የአንድ ወረቀት ቅጂ አወጣች። «ከዚህኛው መንገድ ፋይል ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው። ‹ነዋሪው ስለ ድምፅ ቅሬታ የለውም፤ የጤና ግምገማ አያስፈልግም› ይላል። ፊርማው አይነበብም። የፈረመውን ሰው ያውቁት ይሆን? ላነጋግረው ፈልጌ ነበር።»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አላወጡም። የገዛ ፊርማን ለማወቅ መነጽር አያስፈልግም።

«አውቀዋለሁ» አሉ።

«በሕይወት አለ?»

«እሱስ አለ። የሌለችው ሚስቱ ናት።»

ልጅቱ ቅጂውን አየች፣ እሳቸውን አየች፤ ነገሩም ገባት። «ይቅርታ አባባ…»

«ለምን ይቅርታ ትዪኛለሽ? አንቺ አልፈረምሽ!» አሉና አንገታቸውን ደፉ። «መንገዱ በተከፈተ በስድስተኛው ወር ‹ልቤ ይመታብኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ› አለችኝ። ‹ትለምጂዋለሽ› አልኳት። ግፊት አለብሽ ስትባልም ‹ትለምጂዋለሽ› አልኳት። ሌላ ቃል እንዳልተማረ ሰው! አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ጓዳ ወደቀች። ሦስት ጊዜ ስትጠራኝ የጓሮ ጎረቤታችን ሰምታለች። እኔ እዚህ ወንበር ላይ ነበርኩ። ከዚህ እስከ ጓዳ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። አልሰማኋትም።»

በዚያች ቅጽበት እንኳ መንገዱ ዝም አላለላቸውም።

«እውነቱን ንገሪኝ» አሉ። «መንገዱ ነው የገደላት?»

ልጅቱ ማጽናናት ትችል ነበር፤ መዋሸት ግን አልፈለገችም። «ነው ልልዎ አልችልም። አይደለም ልልዎም አልችልም። ከአንድ ሺህ ሰው ስንቱ እንደሚታመም መገመት እንችላለን፤ ከሺው ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። በፊት ቢለካ ኖሮ ቢያንስ ሐኪሙ ለባለቤትዎ ይጠነቀቅላቸው ነበር። እርስዎም ‹ትለምጂዋለሽ› አይሉም ነበር።»

ሊቀመንበሩ የገፉትን የክኒን ፌስታል መልሰው ወደ ራሳቸው ሳቡ። ቀና ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «ሐሙስ የሁለተኛው መንገድ ስብሰባ ነው። በትምህርት ቤቱ ጀርባ ሊያልፍ። ይህንኑ ወረቀት ሊያስፈርሙኝ ነው» አሉ።

ሐሙስ ዕለት የመንገዱ መሐንዲስ ወረቀቱን በአክብሮት አቀረበላቸው። «ባለፈው ያለ ምንም ችግር ፈርመውልን ነበር እኮ፣ ጋሼ» አላቸው ፈገግ ብሎ።

«ፈርሜያለሁ። ዛሬ እምቢ የምለውም ለዚያ ነው። መጀመሪያ ይለካ።»

አዳራሹ በአንድ እግሩ ቆመ። «እሱ መንገድ ዳር እየኖረ እኛን ጭቃ ውስጥ ሊያስቀረን!» ያለ ነበር። «አርጅቷል፣ ይውረድ!» ያለም ነበር። የገዛ እህታቸው ልጅ ሳይቀር ሰላምታ ነፍጓቸው ወጣ። ሊቀመንበሩ ግን ስድቡን ጠጥተው ብዕሩን አልነኩም።

ያለ እሳቸው ፊርማ ሥራው ስለማይጀመር ግምገማው ተደረገ። ሰባት ሳምንት ፈጀ። መንገዱ የትምህርት ቤቱን ጀርባ ትቶ ከሰፈሩ ዳር ባሉት መጋዘኖች በኩል እንዲዞር ሆነ። ከመኖሪያ ቤቶቹ ፊት ግንብ ቆመ፤ ከባድ መኪና በሌሊት እንዳያልፍ ተከለከለ። ዛሬ በዚያ ትምህርት ቤት መስኮት ተከፍቶ ይነበባል፤ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ልጅም ትሰማለች። ምጥ የያዛት ሴትም በመኪና ትደርሳለች። ሁለቱም እንደሚቻል ታየ፤ መንገድም ጤናም። ሊቀመንበሩን ያመሰገናቸው ግን የለም። ሰው የያዘውን እንጂ ያልያዘውን በሽታ አያውቀውምና።

ልጅቱ ለሊቀመንበሩ ደጃፍም ግንብ እንዲቆም ማመልከቻ ልትሞላላቸው መጣች። በቤታቸው የለካችው ድምፅ ሰባ አራት ዴሲቤል ነበር፤ ለመኖሪያ ቤት ከሚመከረው እጅግ ይበልጣል። «አሁን» በሚለው ሥር ጻፈችው። «ከመንገዱ በፊት» የሚለው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«በፊትስ ስንት ነበር?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አይታወቅም አባባ። ያኔ አልተለካም።»

ሽማግሌው አሰቡ። «እንዲህ ብለሽ ጻፊ» አሉ። «ባለቤቴ ጓዳ ሆና ሽንኩርት ስትከትፍ፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቢላዋው መክተፊያውን ሲነካ ይሰማኝ ነበር።»

ቅጹ የሚጠይቀው ቁጥር ነበር። ልጅቱ ግን ያሉትን ቃል በቃል ጻፈችው። ማመልከቻው በሦስተኛው ሳምንት «ማስረጃው ያልተሟላ» ተብሎ ተመለሰ።