ባሮ ዳር የቀረችው ዋርካ

በክረምት ከጋምቤላ በመርከብ ቁልቁል ስንወርድ፣ ከጎኔ አንዲት የመቱ ቡና ነጋዴና አንድ እንጨት ቆራጭ ያወሩ ነበር።

«መርከቡ መመላለስ ሳይጀምር ይሄ ዳር ጫካ ነበር» አሉ ሴትዮዋ።

«ለመርከቡ ማገዶ ቆርጠን ጨረስነዋ፣ እትዬ።»

«ዛፉ ሲያልቅ አፈሩም ሄደ። አምና ባሮ ሲሞላ ዳሩ ተንዶ መርከብ የሚጠብቀውን የስንቱን ቡና ይዞ ገባ!»

«የእርስዎስ?»

«የኔማ ብቻዋን የቀረችው ዋርካ ሥር ነበር። ሥሯ አፈሩን ይዞልኝ አንድ ጆንያ አልጎደለብኝም። ያቺን ዛፍ ያስቀራትን ሰው ባገኘው እግሩን እስም ነበር።»

«አለቃዬ ቁረጣት ብሎኝ ነበር።»

«አንተን?»

«አዎ። መጥረቢያዬ ዶልዱሟል አልኩት።»

«እውነት ዶልዱሞ ነበር?»

«ኧረ በጠዋት ነው የሳልኩት! ግን እሷንም ከቆረጥኩ ምን ጥላ ሥር ላርፍ ነው?»

ሴትዮዋ እየሳቁ እጁን ያዙት።

«ገለቶሚ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ! ልጆቼን አበላህልኝ።»

«እኔ እኮ ስለ አፈሩ አላሰብኩም፣ እትዬ።»

«ቢሆንም!»

እኔም ከተቀመጥኩበት፣ ከዚያው ዳር ከተቆረጠው የመርከቡ ማገዶ ክምር ላይ ቀስ ብዬ ተነሳሁ።