በ«ቮር» የሚያልቁ ሰዎች

ነይ ሀዊ፣ ፋኑ ፊት ቁጭ በይ። ጸጉርሽን ዛሬ ካልሠራሁልሽ እስከሚመጣው ዓርብ ማዳምሽ ቤት ተንጨባረሽ ልትከርሚ ነው። ኡፍ… ይሄ የጅቡቲ ሰኔ! ውሃው ከቧንቧ ሲወርድ ሻይ ቅጠል ብቻ ነው የጎደለው። ጠዋት ልብስ አጥቤ፣ ሁለተኛውን ሳሰጣ የመጀመሪያው ደርቆ ጠበቀኝ። ማዳምሽ ደህና ናት? ልጆቹስ? ጎሽ። አንገትሽን ቀና አድርጊ… ወደ መጋረጃው አትዙሪ እንጂ! ምን አለ እዚያ? ሰው ተኝቷል። ይተኛ፣ የደከመው ሰው ይተኛ። ሰው የራሱን ኑሮ ተሸክሞ እንኳ ይደክመዋል፤ የሌላ ሰው ሲጨመርበትማ…

ምን አልኩ? ስለ ድካም ነው ያወራሁት።

ለመሆኑ ትምህርቱ እንዴት ይዞሻል? ጋሽ ገብረኪዳን «ሀዊ በሦስት ወር ብዙ ሄደች» እያለ ሲያመሰግንሽ ነበር። አንቺ አልደረስሽበትም እንጂ፣ አምስት ሆነን ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ይህችን አንድ ክፍል ለዓርብ ማረፊያ ስንከራያት እንግሊዝኛ የሚባል ነገር በአንዳችንም አፍ አልነበረም። ስድስቱን ቀን በሰው ወጥ ቤት በፈረንሳይኛ ስንታዘዝ ከርመን፣ ዓርብ መጥተን መተኛት ነበር ሥራችን። በኋላ እሱ መጣ። አዘቦቱን ቡላኦስ ሰፈር ትራንዚት ቢሮ ወረቀት ሲሞላ ይውላል፤ በልጅነቱ ግን ካቶሊክ አባቶች ቄስ ሊያደርጉት ላቲን አስተምረውት ነበር። ቅስናውን ተወው፣ ላቲኑ ግን እሱን አልተወውም።

ዘዴውን መቼም ታውቂዋለሽ። «ቃልን በጅራቱ ያዙት» ነው የሚለው። «ፈረንሳይኛውን ከማዳሞቻችሁ ወጥ ቤት ታውቁታላችሁ፤ ብዙው የእንግሊዝኛ ቃልም ከዚያው ከላቲን ቤት የወጣ ስለሆነ ጅራቱ አንድ ነው።» የመጀመሪያ ቀን የሰጠን ጅራት ምን ነበር መሰለሽ? «ቮር»! «ቮራሬ በላቲን መዋጥ፣ መሰልቀጥ ነው» አለና ሰሌዳው ላይ… ሰሌዳ የት አለ፣ የፍሪጅ ካርቶን ላይ ጻፈው። ካሮ ሥጋ ነው፤ ካርኒቮር ሥጋ በል። ሄርባ ሣር ነው፤ ኸርቢቮር ሣር በል። ፒስኪስ ዓሣ፤ ፒሲቮር ዓሣ በል። ኦምኒስ ደግሞ ሁሉ ማለት ነው፤ ኦምኒቮር ሁሉን በል፣ ያገኘውን የማይምር።

ኧረ ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ! «የዚህ ሰፈር ፍየል ምንድን ናት?» ብሎ ጠየቀን። የአምስታችን ትንሿ ሲምቦ እጇን አውጥታ «ኸርቢቮር!» አለች። «እስቲ ወደ ደጅ ተመልከቺ» አላት። ፍየሏ ቆማ ካርቶን ታኝካለች! ሁላችንም «ኦምኒቮር!» ብለን ጮኽን። ሰባት ሰዓት ሆኖ ኖሮ ደጃችን ላይ የምትሸጠዋ የሐዲጃ ጫት ደረሰ፤ ሰው ሁሉ ወደ ጠረጴዛዋ ይሮጣል፤ ዘበኛው፣ ታክሲ ነጂው፣ ከራባት ያሰረው የቢሮ ሹም ሳይቀር። «እነዚህስ?» አለን። እኔ ነኝ የመለስኩት፤ «እስከ ሰባት ሰዓት ካርኒቮር፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ ኸርቢቮር!» መሬት ላይ ተንከባለልን'ኮ። ሐዲጃ በሶማሊኛ ሲያስረዷት ጫቷን እስክትበትን ሳቀች።

ከመካከላችን አንዲት ብቻ አልሳቀችም። ቁም ነገረኛ ናት። እኛ ስንስቅ እሷ ትገለብጣለች… ደብተር ማለቴ ነው።

አመመሽ እንዴ? ጠበቅ ካላደረግኩት ሳምንት አይቆይልሽም።

ስለዚያች ሴት ላውራሽ? ስም አልጠራም፤ ሰው ማማት ኃጢአት ነው። እንደው አንዲት የማውቃት ሰው አለች። ጨዋ! ትሁት! እንደ እሷ የሰውን ነገር የማይንቅ ሰው አላየሁም። እኔና አንቺ ብንሆን የሰው ደብተር አይተን «ምን ያደርግልኛል» ብለን እናልፈው ነበር። እሷ ግን የሰው ልፋት ያሳዝናታል፤ ሜዳ ላይ ወድቆ እንዳይቀር ታነሳዋለች። ይህን ልብ ለሁላችን ቢሰጠን ዓለም የት በደረሰች…

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ገብረኪዳን «ሕይወቴ» የሚል ድርሰት በእንግሊዝኛ ጻፉ አለን። ማን ይጽፋል? እኔ አበሩ ብቻ። የማዳሜ ልጆች ትምህርት ቤት ሲውሉ የልብስ መተኮሻው ላይ ደብተሬን ዘርግቼ፣ በሦስት ሳምንት አንድ ገጽ ጨረስኩ። «ጅቡቲ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የጾም ምግብ አሳምሬ እሠራለሁ። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ምንታምር ትባላለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ድሬዳዋ እህቴ ጋ ትኖራለች። ሥጋ ስለማትወድ ኸርቢቮር ናት።» ይኸው ነው። ጋሽ ገብረኪዳን አረመና «ሌላ ድርሰት ስላልመጣ ይህንኑ ሁላችሁም በቃል አጥኑት» አለ። እንግዲህ የቤታችን ጥፋት ይሄ ነው፤ አምስት ሴቶች ተቀምጠን አንድ ሕይወት አጠናን። ዓርብ ዓርብ በየተራ እየተነሳን «ምንታምር የምትባል ልጅ አለችኝ» እንላለን። ሲምቦ ራሷ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር! እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ልጄ አምስት እናት ያገኘች ይመስለኝ ነበር። ሞኝ አይደለሁ?

ባለፈው ጥቅምት ኤሮን ሰፈር እንግሊዝኛ የሚናገሩ ፈረንጆች ገቡ። ሥጋ የሚባል አይቀምሱም። የጾም ምግብ የምታውቅ፣ እንግሊዝኛ የምትሞክር ሴት ፈለጉ። ሾፌራቸው ባንቲሁን ለጋሽ ገብረኪዳን ነገረው። ጋሽ ገብረኪዳን እዚህ ሲመጣ እኔ የለሁም፤ ማዳሜ እንግዳ መጥቶባት ዓርቤን ከልክላኛለች። «ለአበሩ ንገሪልኝ፣ አደራ» ብሎ ለዚያች ለጨዋዋ ነገራት። አደራ ጠባቂ ናት መቼም፤ ጥርቅም አድርጋ ጠበቀችው፤ ለማንም ሳታወጣ!

እሑድ ራሷ ሄደች። እኔን ላለማድከም ይሆናላ። ፈረንጇ «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪኝ» ስትላት፣ ምስኪን ምን ታድርግ? በእንግሊዝኛ የምታውቀው ሕይወት አንድ ነው። ከላይ እስከ ታች አወረደችው። ስድስት ዓመቴን፣ የጾም ምግቤን፣ ምንታምርን፣ ድሬዳዋን። የልጅቷን ስም እንኳ አልቀየረችም፤ የቀየረችው የእናትየዋን ብቻ ነው። «ኸርቢቮር ናት» የምትለዋ ላይ ስትደርስ ፈረንጇ ተነስታ አቀፈቻት፤ «እንደኔ ያለች ልጅ!» ብላ። ባንቲሁን ነው የነገረኝ።

«ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባል የለ? እነሱ ደግሞ ቁርበቱን ትተው ምንጣፍ አነጠፉ። ሥጋ የማይገባበት ቤት ውስጥ፣ ለጅብ… ተረቱን ነው ያልኩት። ጅብ ካርኒቮር ነው፤ እሷ ምኗ ከጅብ ይገናኛል? ጅብ እኮ ሲበላ ይጮኻል።

ከዚያ በየሳምንቱ ትደውልልኝ ጀመር። «አበሩዬ፣ ሽሮው ለምንድን ነው የሚጓጉለው? አበሩዬ፣ ክኩ ስንት ሰዓት ይዘፈዘፋል?» «ምን ልታደርጊው ነው?» ስላት፣ «እንዲሁ አገሬ ናፍቆኝ» ትለኛለች። እኔም ናፍቆቷ አሳዝኖኝ፣ ከሽንኩርቱ አከታተፍ እስከ እሳቱ መጠን በስልክ አስተማርኳት። የናፍቆት ወጥ በሰው ጣት ሲሠራ እንዴት እንደሚጣፍጥ!

እንዴት አወቅሽ አትይኝም? በጫማ! ፈረንጇ ለምንታምር ጫማ ገዛች፤ ቀይ፣ ማሰሪያው ላይ አበባ ያለው። ጫማውን አሁን ማን ያድርገው? ልጅ የላትማ። ይዛልኝ መጣች፣ እዩት ደግነት! እያቀረቀረች ሁሉን ነገረችኝና «አድርጋው ፎቶ ትነሳና ላኪልኝ፤ ማዳም ማየት ፈልጋለች» አለችኝ። አልዋሽሽም ሀዊ፣ አልቅሻለሁ። ሦስት ቀን እህል አልወርድ ብሎኛል። ግን ልጄ ጫማ አልነበራትም፤ ላክሁላት። አደረገችው፣ ተነሳች፣ ፎቶው ኤሮን ፍሪጅ ላይ ተለጠፈ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ያለችው የሦስት ዓመቷ ናት፤ እዚያ ፍሪጁ ላይ ግን ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል። በሰው ወርቅ አይደምቁም ያለው ማን ነው? ያን ፍሪጅ አላየውማ! ደግሞ «ያልወለድኩት ልጅ አባባ ቢለኝ አፌን ዳባ ዳባ አለኝ» ይላሉ። እሷንማ ማር ማር ነው ያላት።

አንድ ዓርብ ጋሽ ገብረኪዳንን ጠየቅኩት። «ሕይወት በላቲን ምን ይባላል?» «ቪታ» አለኝ። «እንግዲያው የሰው ሕይወት የሚበላ ቪታቮር ነው?» መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «እንዲህ ያለ ቃል በየትኛውም መዝገበ ቃላት የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰው ያየውን ነው ስም የሚያወጣለት፤ ላቲኖቹ ሮም ላይ ቁጭ ብለው ካርቲዬ ሁለትን የት ያውቁታል?

አትሳቂ፣ ሚዶው ይወድቃል! ገና መች ጨረስኩ። ቀስ ብዬ ልንገርሽ፣ የተኛ ሰው እንዳይረበሽ…

ፈረንጆቹ በነሐሴ ወደ ሌላ አገር ሊዛወሩ ነው። ሠራተኛቸውን ከነልጇ ይወስዳሉ። ልጅቷን ትምህርት ቤት ያስገቧታል! እኔ አዲሱ ባቡር ሥራ ሲጀምር ለአንድ ሳምንት እንኳ አመጣታለሁ እያልኩ ሐዲዱን ስቆጥር፣ ሰው ግን አውሮፕላን ቆርጦላታል። እና ዛሬ ረፋድ ላይ ያቺ ጨዋ መጥታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? የምንታምርን የልደት ካርድ ስጪኝ። «ወረቀት ብቻ ነው አበሩዬ፤ በስሜ ትውጣ እንጂ ልጅነቷማ ያንቺው ነው።» አየሽ ፍትሕ? ልጅቷን ለእሷ፣ ናፍቆቱን ለእኔ! እንዲህ አስተካክሎ የሚያካፍል ዳኛ የት ይገኛል? «እስቲ ላስብበት» አልኳት። ሻይ አጠጣኋት። «ደክሞሻል፣ ጋደም በይ» ብዬም ፍራሽ አነጠፍኩላት።

ቆይ፣ የመጨረሻዋን ሹሩባ ልያዝ… ይህችን ነው ስነግርሽ ሳቅ የሚገለኝ። ትናንት ከሰዓት እህቴ ከድሬዳዋ ደወለች። «አንዲት ፈረንጅ ደውላ ነበር» አለችኝ። የእህቴን ስልክ ቁጥር ማን ሰጣት? ጨዋዋ ራሷ፤ ፈረንጇ ስትጨቀጭቃት «ድሬዳዋ ነው፣ እንግሊዝኛ የሚሰማ የለም» ብላ ሳይሆን አይቀርም። ፈረንጇ ደግሞ የጉዞውን ነገር ለልጅቷ በራሷ አፍ ልታበስር ቸኩላለች። እህቴ «ሄሎ» ከማለት ሌላ አታውቅም። ምንታምር ተቀበለቻት። ሀዊ፣ እኔ እኮ ዓርብ ዓርብ በስልክ ሳስጠናት ነው የከረምኩት! የስልኩ ካርድ ሳያልቅ ሌላ ምን ላውራት? ያንኑ ድርሰት በእሷ ወገን አድርጌ፣ ቃል በቃል። ልጄ ቀጥ ብላ ቆማ አወረደችላት፤ «ምንታምር እባላለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናቴ አበሩ ትባላለች። ጅቡቲ ትሠራለች። እኔ ኸርቢቮር ነኝ፣ እናቴ ግን ኦምኒቮር ናት!» ፈረንጇ «እናትሽ ማን?» ብላ ደግማ ጠየቀቻት። ልጄ ያልሰማቻት መስሏት ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸችላት። አበሩ!

ዛሬ ማለዳ፣ ሌላ ሰው ሳይመጣ፣ ባንቲሁን መኪናውን በር ላይ አቁሞ «እሑድ ጠዋት ማዳም አበሩ የምትባለዋን ልታነጋግር ትፈልጋለች» አለኝ። ሥራው ይሁን አይሁን አላውቅም። የተታለለ ሰው ሆዱ አይታወቅም፤ ሁለታችንንም ታባርር ይሆናል። ግን ስሜ ተጠራ ሀዊ! በልጄ አፍ፣ በእንግሊዝኛ፣ ኤሮን ድረስ ተሰማ። ከትናንት ወዲህ እግሬ መሬት አልነካም፤ ልብስ ሳጥብ እዘፍናለሁ፣ ብቻዬን እስቃለሁ።

ምንድን ነው ድምፁ? መጋረጃው ነው እንዴ የሚነቃነቀው? ፋኑ ነው፣ ፋኑ ነው። ወይም የተኛው ሰው ተገላበጠ። ኧረ ልቅሶ አይደለም፤ በዚህ ሙቀት ማን ያለቅሳል?

በይ ተነሺ፣ አምሮብሻል። እኔ ሐዲጃ ጋ ወጣ ብዬ እመለሳለሁ። ያ ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ የልደት ካርዱን ነገር አስቤበታለሁ በይልኝ። ደግሞ ባዶ እጁን እንዳይሄድ መርቂልኝ። ከአበሩ ነው በይ፣ ከአንጀቷ ነው በይ። «እግዜር ያክብርሽ። ማሕፀንሽን ይባርክልሽ፤ እንደ ጨረቃ የምታምር ሴት ልጅ ይስጥሽ። ከጉያሽ አትለይብሽ። ኑሮ አስገድዶሽ፣ ሕፃን ትተሽ ሰው አገር ብትወጪ እንኳ ብቻሽን አይጣልሽ፤ ልክ አንቺን የመሰለች ጓደኛ ከጎንሽ ያኑርልሽ።»