የአባባ ቶዋይ የውሃ ሣጥን

የባሕሩ ጨው ወንዛችንን ሽቅብ በወጣበት በጋ፣ ዲየምን ቤን ቼ በሚባለው ጀልባ ማቆሚያ ላይ ድንገት አገኘኋት። ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ከአየር ውሃ እንዲያወጣላቸው ለአባባ ቶዋይ የሰጠችውን ሣጥን ልታይ መምጣቷ ነበር። እኔ የመንደሩ አስተማሪ ነኝ፤ የሽማግሌውን ክርክር ስለምወድ ተከተልኳት።

አባባ ቶዋይ ሚስታቸውን ግቢያቸው ውስጥ ከቀበሩ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። የዝናብ ውሃ ጋኖቻቸው ደርቀዋል። ልጃቸውም "የሚጠጣ ውሃ ካላገኙ እሑድ ወደ ከተማ እወስድዎታለሁ" ብሏቸዋል። መቃብሩን ትቶ መሄድ ለእሳቸው ሞት ነው።

"ሣጥንሽን ይዘሽልኝ ሂጂ!" አሉ ገና ሲያዩዋት። "አራት ቀን ሙሉ አንዲት ጠብታ አልሰጠኝም። ከአየር ውሃ! አንተ አስተማሪ፣ ልጆቹንም ይህንኑ ነው የምታስተምራቸው?"

"አይቆጡ አባባ" አለች ዲየም። "ውስጡ ያለው ዱቄት ብረትና ካርቦን አጋጥመን የሠራነው ክሪስታል ነው። በዓይን የማይታዩ ባዶ ክፍሎች አሉት። ስፋታቸውን የወሰንነው እኛ ነን፤ ከጠበቡ እርጥበቱ አይገባም፣ ከሰፉም አይዝም። ሌሊት የገባውን ቀን ፀሐይ ታስወጣዋለች።"

"ባዶ ክፍልማ እኔም አራት አለኝ። ውሃ ሲያቁሩ ግን አላየሁም።"

ልሥቅ አልኩና ፊታቸውን አይቼ ተውኩት።

ዲየም ሣጥኑን ዞራ አየችው። "ማታ ማታ ምን ያደርጉታል?"

"እከድነዋለሁ እንጂ! ውሃ ሳይከደን የሚያድረው የት አገር ነው? ትንኝ ይራባበት? ጠዋት ደግሞ ከፍቼ ፀሐይ አሞቀዋለሁ።"

ነገሩ ያኔ ገባኝ። በእኛ መንደር ጋን ሳይከድን የሚተኛ የለም። ሽማግሌው በጥንቃቄያቸው ዱቄቱን አየር ነፍገውት ነበር።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች ዲየም አንገቷን ደፍታ። "ስለ ዱቄቱ ስለፈልፍ ስለ ክዳኑ ሳልነግርዎ ሄድኩ። ማታ ይክፈቱት፣ ቀን ይክደኑት፤ ፀሐይ ያስወጣችው እንፋሎት ክዳኑ ሥር ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል። ትንኙን የሣጥኑ አፍ ላይ ያለው ወንፊት ይከለክለዋል።"

"አይ የተማረ ሰው!" አሉ፤ ግን ያን ማታ ከፍተውት አደሩ።

በማግስቱ ከሰዓት ስንመለስ ከክዳኑ ሥር ውሃ ተጠራቅሞ ነበር። አባባ ቶዋይ በብርጭቆ ቀድተው ቀመሱት። ጨው የለውም። ሣጥኑ ማገዶ አይፈልግ፣ ዝናብ አያስጠብቅ፤ ዕውቀት ለሰው የሚጠቅመው እንዲህ ቤቱ ድረስ ሲመጣለት፣ ይዞት የመጣውም ሰው የቤቱን ልማድ ሲጠይቅ ነው።

አባባ ቶዋይ ብርጭቆውን ጨርሰው ወደ ዲየም ዞሩ። "ልጄ ተመልሶ ከእኔ ጋር ልኑር ቢል፣ ለሁለት ይበቃል?"

"ለጊዜው ከአንድ ሰው መጠጥ አያልፍም፣ አባባ።"

"እንግዲያማ ለእኔ ይበቃል፤ እሱም እሑድ ሊወስደኝ አይድከም" አሉና ለልጃቸው ሊደውሉ ገቡ።