መምህርት ፋንቱ ጅሩ እና በቅጹ ላይ ባዶ የቀረው ቦታ

ከጌዶ፣ ከጉደርና ከአምቦ ኀዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወገኖች፣ የመምህርት ፋንቱ ጅሩን የሕይወት ታሪክ፣ አንዳችም ነገር እንዳይዘለል ራሳቸው ባዘዙት መሠረት፣ በጸጥታ እንድታዳምጡ በአክብሮት እንለምናለን።

መምህርት ፋንቱ ከአባታቸው ከኦቦ ጅሩ ቀንዓና ከእናታቸው ከአዴ ሲንቄ ዳዲ በ1958 ዓ.ም. በጌዶ ከተማ ተወልደው፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃውን በአምቦ አጠናቀው፣ በመምህርነት ሠልጥነው በ1979 ዓ.ም. በጉደር ማስተማር ጀመሩ። በ1984 ዓ.ም. ከጤና ባለሙያው ከኦቦ ኢብሳ ባይሳ ጋር ትዳር መሥርተው ሂርጳንና መቲን ወልደዋል።

በ1999 ዓ.ም. ወደ አምቦ ተዛውረው፣ የተሰባበሩ ዴስኮች የሚከማቹበትን ክፍል አስለቅቀው፣ ማየት ለተሳናቸው ስድስት ልጆች የልዩ ፍላጎት ክፍል ሲከፍቱ፣ ብሬልን ከተማሪዎቻቸው ጥቂት ገጽ ብቻ ቀድመው እየተማሩ ያስተምሩ ነበር። ቁጡ ነበሩ፤ በነጭ ዘንግ መንገዱን የሚፈልግን ልጅ ሳይጠይቅ የሚጎትት ሰው ካዩ፣ ሹም ነው ካህን ነው ሳይሉ እዚያው ያፋጥጡት ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ለንሳ የምትባል ዓይነ ስውር ተማሪያቸው ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ስትመዘገብ፣ መምህርት ፋንቱ ዓይነ ስውርነቷ ከተመዘገበ ከጓደኞቿ ተለይታ ለፈተና ሌላ ከተማ ትላካለች ብለው ስለሰጉ፣ ጥያቄውን የሚያነብላትንም ሰው በቃል ጠይቀው እንደሚያገኙ ስላመኑ፣ በቅጹ ላይ የልዩ ፍላጎትን ቦታ ሆን ብለው ባዶ ተዉት። በፈተናው ዕለት ግን በቅጽ ያልተጠየቀ አንባቢ አይገባም ተብለው ከበር ተመለሱ፤ ለንሳም ወረቀቱን እየዳበሰች ደወሉ እስኪደወል ተቀምጣ፣ ስሟን እንኳ ሳትጽፍበት አስረከበች። አባቷም ትምህርቱ ይብቃት ብለው ጉደር ባለው ቤታቸው አስቀሯት።

መምህርት ፋንቱ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው ለአባትየው ከተናገሩ በኋላ፣ ዓመቱን ሙሉ ጉደር ድረስ እየተመላለሱ ቤቷ አስተማሯት፤ በ2008 ዓ.ም. ተፈትና አለፈች። ከዚያ ወዲህ ምዝገባ ሊዘጋ ሲል ከአምቦ እስከ ጌዶ ባሉ ትምህርት ቤቶች እየዞሩ ቅጾችን በየስሙ ይመረምሩ ስለነበር፣ ርእሳነ መምህራኑ ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው መዝገቡን ዘርግተው ይጠብቋቸው ነበር።

በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ያህል ሲታከሙ ቆይተው፣ ልጆቻቸውን ጠርተው ያ ጥፋታቸው ሳይሸፈን በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ፣ አንባቢዋም ለንሳ እንድትሆን አደራ ብለው፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ለንሳ እኔ ነኝ። ዛሬ በጉደር መምህርት ነኝ፤ ይህንንም እርሳቸው ባስተማሩኝ ብሬል በጣቶቼ እያነበብኩላችሁ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ይቅርታ ሲጠይቁኝ፣ ምንም አይደለም እያልኩ አልፋቸው ነበር እንጂ የሚጠብቁትን ቃል አልሰጠኋቸውም፤ ያ ወረቀት ከእጄ አልወጣልኝ ብሎ ነበር። በዚህ በጣም አዝናለሁ።

መምህርት ፋንቱ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን ኦቦ ጉርሙ ጅሩንና ያስተማሯቸውን ሁሉ ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ። እኔም በሕይወት ሳሉ የነፈግኋቸውን ቃል በፊታችሁ እሰጣለሁ፦ ቲቸር፣ ይቅር ብያለሁ።